የኸርሺ ባቡር

«ፍቅሬ፣ ትኬቱ ይሠራል፤ የማይሠራው ባቡሩ ነው» አለችኝ ትኬት ቆራጯ።

እንዳትሳሳቱ፣ አታውቀኝም። ኩባ ውስጥ ትኬት ቆራጯም፣ ዳቦ ሻጯም፣ መርፌ የምትወጋዋ ነርስም ሰውን «ፍቅሬ» ብለው ነው የሚጠሩት። በመስኮቱ ያቀበልኳት ትኬት በ1989 የተቆረጠ ነበር፤ ከካሳብላንካ እስከ ማታንዛስ፣ ለአንድ ሰው፣ መሄጃ ብቻ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የኩባ ዕድሜዬን የቆጠርኩት በዚያ ስለሆነ ወደ እኛ ስመልሰው የሌላ ሰው ታሪክ ይመስለኛል።) የዚያን ዕለት ትኬቱን ገዝቼ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ከተቀመጥኩ በኋላ መስመሩ ላይ ኃይል የለም ተባለና በጭነት መኪና ተሳፍሬ ተመለስኩ። ትኬቱ አፈር ሳይንስ ደብተሬ ውስጥ ተረሳ። ከደብተሩ ጋር አዲስ አበባ ገባ፤ ሌሎቹ ደብተሮቼ የቆሎ መጠቅለያ ሆነው ሲያልቁ ይኼኛው ለጥቂት ተረፈ። በ2016 ሐቫናን እንደገና ለማየት ስነሳ ትኬቱን ፓስፖርቴ ውስጥ ሸጎጥኩት።

«ዛሬ አይነሳም?»

«ዛሬ አይነሳም።»

«ነገስ?»

ሴትዮዋ ዝናብ የዘገየበት ገበሬ ሰማዩን እንደሚያየው ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋውን ሽቦ ቀና ብላ አየችና ትከሻዋን ነቀነቀች። ትኬቱን ግን ወዲያው አልመለሰችልኝም። ገለባበጠችው፣ ጓደኛዋን ጠርታ አሳየቻት፣ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እንደ ፎቶግራፍ በጠርዙ ይዛ አቀበለችኝ።

ካሳብላንካ ስል ሞሮኮን አታስቡ። የሐቫና ወደብ እንደ ጠርሙስ አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። አሮጌው ከተማ በምዕራቡ ዳር ተቀምጧል፤ በማዶ፣ በጀልባ ጥቂት ደቂቃ ተሻግረህ የምትደርስባት ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ካሳብላንካ ትባላለች። ከበላይዋ ኮረብታ ላይ 20 ሜትር የሚሆን የነጭ እብነ በረድ ክርስቶስ ቆሟል። የተመረቀው በ1958 መጨረሻ፣ አምባገነኑ ገዥ ባቲስታ አገር ጥሎ ሊሸሽ ቀናት ብቻ ሲቀሩት ነው። ከሐውልቱ እግር ስር፣ ከጀልባው መውረጃ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ባቡር ጣቢያው አለ። አንዲት መስኮት፣ አንድ መጠለያ፣ ሣር የበላው ሐዲድ።

ታዲያ አንድ ኢትዮጵያዊ እዚያ ምን ሊሠራ ሄደ የሚል ካለ፣ መልሱ አጭር ነው። አባቴ ኦጋዴን ላይ ቀረ። ከ1979 ጀምሮ እንደ እኔ ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወደ ኩባ ተላኩ፤ አብዛኞቻችን የወጣቶች ደሴት በሚባለው ቦታ ነው ያደግነው። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የብርቱካን ዘመድ የሆኑ ፍሬዎች እርሻ። ደሴቲቱን የሚያውቅ ሰው ካነበበኝ የዚያ ተክል ሽታ አሁን አፍንጫው ውስጥ እንደገባ እርግጠኛ ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ ግብርና እንዳጠና ወደ ማታንዛስ ከተማ ተላክሁ። ሐቫና ደግሞ ጓደኞቼ ነበሩ፣ ኤምባሲው ነበር፣ ከአገር ቤት የሚመጣ ደብዳቤም እዚያ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ የእኔ ባቡር ነበር። «ኤል ትሬን ዴ ኸርሺ» ይሉታል፤ የኸርሺ ባቡር።

ኸርሺ፣ አዎ፣ ቸኮላቱ። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣውን ሲከፍት ከሽቶውና ከካልሲው መሐል የሚወጣው፣ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለው ቸኮላት። ከአሜሪካ ጋር ዓይንና ናጫ በሆነች አገር፣ ፋብሪካው በአብዮተኛ ስም ከተጠራ 30 ዓመት ሊሞላው በተቃረበበት ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ባቡሩን በቸኮላት ነጋዴ ስም መጥራቱን አልተወም ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ አልገረመኝም። የሃያ ዓመት ልጅ የሚገርመው ሌላ ነው።

መንገዱ ከ90 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ባቡሩ ግን አራት ሰዓት ሊጠጋ ምንም አይቀረው። ሁለት ወይም ሦስት ፉርጎ፣ ፊላዴልፊያ ውስጥ ብሪል በተባለ ኩባንያ የተሠሩ፣ ዕድሜያቸው ከአያቶቻችን የሚስተካከል፤ ጣሪያቸው ላይ ያለው የብረት ክንድ ሽቦውን እየዳበሰ ኤሌክትሪክ ይጠባል፣ መገጣጠሚያ ላይ ሲደርስ ሰማያዊ ብልጭታ ይተፋል። በሮቹ አይዘጉም። ነፋሱ በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። ዶሮ እግሯ ታስሮ ወንበር ስር ትተኛለች። የልደት ኬክ ያለ ካርቶን፣ ያለ መሸፈኛ፣ በሁለት መዳፉ ይዞ ሦስት ሰዓት ሙሉ የሚቆም አባት አይቻለሁ። ባቡሩ ሲንገጫገጭ ጉልበቱን አጠፍ ዘርጋ እያደረገ ኬኩን እንደ ሕፃን ያባብል ነበር። ጎኑ የተቀመጠችው ሴት በየጥቂቱ ከጫፉ ያመለጠውን ነጭ ክሬም በጣቷ እየጠረገች ትልሳለች፤ እሱም አይቷት እንዳላየ ይሆናል። ፉርጎው ሙሉ ኬኩ በደህና እንዲደርስ በአንድ ልብ ይጸልይ እንደነበር እምላለሁ።

ፌርማታው ስፍር ቁጥር የለውም። ስም ያለው አለ፣ ስም የሌለው አለ። እጁን ያወዛወዘ ሁሉ ይሳፈራል። ማታንዛስ ሊደርስ ሲል ዩሙሪ ሸለቆ ይገለጣል፤ ዘንባባዎቹ ቀጥ ብለው፣ አንዱ ከሌላው ራቅ ብሎ፣ ሰው ጠብቀው የቆሙ ይመስላሉ።

ባቡሩን እወደው ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ያናድደኝ ነበር። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ኩባውያን «ሳፍራ» በሚሉት የሸንኮራ አጨዳ ወራት፣ እኛን ዳር አውጥተው ያቆሙናል። ምክንያቱም አይነገረንም። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ። በኋላ ከሩቅ ብረት ሲንኳኳ ይሰማል፤ ጎናቸው በብረት ፍርግርግ የተሠራ፣ አገዳው እንደ ጎፈሬ የቆመባቸው ፉርጎዎች እየተጎተቱ ያልፋሉ። ልጆች እየሮጡ አገዳ ይመዝዛሉ። ሠላሳ፣ አርባ ፉርጎ። ከዚያ እኛ እንቀጥላለን። «ሰው ቆሞ ሸንኮራ የሚያልፍበት አገር!» አልኩ አንድ ቀን በአማርኛ፣ ለራሴ።

ያን ቀን የተናገርኩትን ነገር እውነትነት የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እኔ መንገደኛ ነኝ፣ ይህ የመንገደኛ ባቡር ነው፣ ሸንኮራው ደግሞ አልፎ አልፎ መንገድ የሚዘጋብን እንግዳ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነበር። ባቡሩ የሸንኮራው ነበር። እንግዶቹ እኛ ነበርን።

ይህ በኩባ ከመጀመሪያውም እንደዚያ ነው። በላቲን አሜሪካ የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ የተመረቀው ኅዳር 19 ቀን 1837፣ ከሐቫና እስከ ቤኹካል ነው፤ በተከታዩ ዓመት እስከ ጉዊኔስ ደረሰ። ኩባ ያን ጊዜ የስፔን ቅኝ ግዛት ነበረች። ገዥዋ ስፔን በራሷ ምድር የመጀመሪያውን ባቡር ያየችው ከባርሴሎና እስከ ማታሮ፣ በ1848 ነው። ልጅቱ ከእናቷ 11 ዓመት ቀድማ ባቡር ላይ ወጣች ማለት ነው። እንዴት? ጉዊኔስ የሸንኮራ አገር ነው። ከለንደን በመጣ ብድር፣ በአሜሪካዊ መሐንዲስ፣ በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን፣ ከኒው ዮርክ በመጡ አየርላንዳውያንና ከካናሪ ደሴቶች በተጫኑ የቀን ሠራተኞች ጉልበት የተዘረጋው ለስኳሩ ሲባል ነው። ባርነት ከዚያች አገር የተወገደው በ1886 ነው፤ ከባቡሩ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ። ስልጣኔ ሐዲድ ይዞ ይመጣል የሚል ሰው ባገኘሁ ቁጥር እነዚህ ሁለት ዓመተ ምሕረቶች ትዝ ይሉኛል።

ለምን ባቡር? ይህን ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ አገሬ ተመልሼ ሸንኮራ ልማት ላይ የሠራሁባቸው ዓመታት ናቸው። ስንዴ ታጭዶ ጎተራ ይገባል፣ ቡና ተለቅሞ ይደርቃል፣ ጊዜ ይሰጣል። ሸንኮራ ጊዜ አይሰጥም። አገዳው በተቆረጠ ሰዓት ውስጡ ያለው ስኳር መበላሸት ይጀምራል፤ በአንድ ቀን፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ወፍጮው ውስጥ ካልገባ የለፋህበት ጣፋጭ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚያ ላይ ክብደቱ! አንድ ቶን ስኳር ለማግኘት አሥር ቶን ያህል አገዳ ማጓጓዝ አለብህ። ዘጠኙ እጅ ውኃና ገለባ ነው። እኛ ጋ ይህን የሚሸከመው ትራክተር የሚጎትተው ተጎታች ነው፤ ተጎታች ሲሰበር ሥራ አስኪያጁ ሌሊት ይደወልለታል። በበሬ ጋሪ ዘመን ደግሞ አንድ ወፍጮ ከበሬው እግር አርቆ አገዳ ሊሰበስብ አይችልም። ሐዲድ ሲመጣ ወፍጮው እጁ ረዘመ። ትንንሾቹ ወፍጮዎች ተዋጡ፣ «ሴንትራል» የሚባሉት ግዙፍ ፋብሪካዎች ተነሡ፣ ሐዲዱ የማይደርስበት ገበሬ አገዳውን ለማገዶ አነደደው።

ሚልተን ኸርሺ ወደዚህ ታሪክ የገባው ዘግይቶ ነው። በፔንሲልቬንያ ከተማ የመሠረተ፣ ልጅ ያልወለደ፣ ሚስቱ በ1915 የሞተችበት ባለጠጋ ነበር። በ1916 ኩባን ሊጎበኝ መጣ። አውሮፓ በጦርነት ላይ ናት፤ ስኳር የምታወጣበት የስኳር ቀይ ሥር እርሻዎቿን ወታደር እየረገጣቸው ነው፤ ስኳር ተወዷል፤ ቸኮላት ደግሞ ያለ ስኳር መራራ ዱቄት ነው። ሰውየው ሌላው ነጋዴ እንደሚያደርገው ስኳር ለመግዛት ውል አልፈረመም። መሬት ገዛ። ከሐቫና በስተምሥራቅ፣ ሳንታ ክሩዝ ዴል ኖርቴ አጠገብ፣ በዚያው ዓመት ፋብሪካ ማስገንባት ጀመረ፤ ከፋብሪካው ጋር ከተማም። በረንዳ ያላቸው የእንጨት ቤቶች፣ ሐኪም፣ ትምህርት ቤት፣ የቤዝቦል ሜዳ። የአለቆቹ ሰፊ፣ የሠራተኛው ጠባብ፤ ግን በዚያ ዘመን የሸንኮራ ቆራጭ መኖሪያ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ጠባቡም ቢሆን ቤት ነበር።

ባቡሩን ለዘለቄታው በእንፋሎት ሞተር ሊያስኬድ ይችል ነበር፤ ሁሉም የሚያደርገው ያንን ነበር። ነገር ግን የእንፋሎት ባቡር ፍም ይተፋል፣ የደረቀ የሸንኮራ ማሳ ደግሞ አንድ ፍም ይበቃዋል። ከሰሉም ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ መረጠ። ፋብሪካው አጠገብ የኃይል ማመንጫ ተከለ፣ 1200 ቮልት የሚሸከም ሽቦ በሐዲዱ ላይ ዘረጋ፣ ከ1922 ጀምሮ ከሐቫና ማዶ እስከ ማታንዛስ የኤሌክትሪክ ባቡር መሮጥ ጀመረ። ሰው መጫን የመጣው በዚህ መሐል ነው። ሐዲዱ ካለ፣ ሽቦው ካለ፣ ኃይሉ ካለ ጥቂት የመንገደኛ ፉርጎ መጨመር ምን ይከብዳል? መንደሮቹ ደስ አላቸው። ሰዓት የሌለው ሰው በባቡሩ መብላት፣ በባቡሩ መተኛት ጀመረ።

በነገራችን ላይ ኸርሺ ከኩባ ስኳር ሁልጊዜ አላተረፈም። በግንቦት 1920 ስኳር በፓውንድ ከ22 ሳንቲም በላይ ወጣ፤ ሐቫና ውስጥ ሰው በአንድ ጀምበር ሚሊየነር ሆነ። ዓመቱ ሳያልቅ ከ4 ሳንቲም በታች ወረደ። ባንኮች ተዘጉ። ኸርሺም በዋጋው ላይ ተወራርዶ ስለነበር ያበደረው ባንክ በኩባንያው ላይ የራሱን ሰው ተቆጣጣሪ አድርጎ እስኪያስቀምጥበት ድረስ ከሰረ። የስኳር ጣዕም እንዲህ ነው፤ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። ኸርሺ እንደ አገሩ ሁሉ ኩባም ውስጥ ወላጅ አልባ ለሆኑ ወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር፤ ግብርናና እጅ ሥራ የሚማሩበት። ይህን ያወቅሁት ዘንድሮ ስለ መስመሩ ሳነብ ነው። ሳነበው ቆም አልኩ። እኔንም ኩባ ያሳደገችኝ ወላጅ አልባ ተብዬ ነው፤ ያስተማረችኝም ግብርና ነው፤ እንጨት ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የሄድኩበት ባቡርም የዚያው ሰውዬ ነው። አንዱ ካፒታሊስት፣ ሌላው ኮሙኒስት። በሁለቱም ትምህርት ቤት ጠዋት ተነስቶ አልጋ ማንጠፍና ማሳ መውረድ ግዴታ እንደነበር ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልገኝም።

ኸርሺ በ1945 ሞተ፤ ኩባንያው የኩባውን ንብረት በተከታዩ ዓመት ሸጠው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የስኳር ንጉሥ በሚባለው ኹሊዮ ሎቦ እጅ ገባ። በ1960 ደግሞ አብዮቱ ወረሰው። ሎቦን ቼ ጉቬራ በሌሊት አስጠርቶ የስኳሩን ኢንዱስትሪ ለአብዮቱ እንዲመራ እንደጠየቀው፣ ሰውየውም በቀናት ውስጥ አገር ጥሎ እንደወጣ ኩባ ውስጥ የማያውቅ የለም። ፋብሪካው በ1959 ከነአውሮፕላኑ በጠፋው በኮማንደር ካሚሎ ሲየንፉዌጎስ ስም ተሰየመ። ስሙ ደብዳቤ ላይ ተጻፈ፣ በር ላይ ተጻፈ። አፍ ላይ ግን አልተጻፈም።

እኔ በደረስኩበት በ1980ዎቹ ኩባ በዓመት 8 ሚሊዮን ቶን ገደማ ስኳር ታመርት ነበር። ሶቪየት ኅብረት በጥሩ ዋጋ ትገዛለች፣ ነዳጅ ትሰጣለች። «ያለ ስኳር አገር የለም» የሚል የቆየ አባባል አላቸው፤ ፎከራ ይመስለኝ ነበር። ሶቪየት በ1991 ስትፈርስ፣ እኛም አገራችን መንግሥት ተለውጦ የምንመለስበትን ስናጣ፣ አባባሉ ፎከራ አለመሆኑን አብረን አየን። ማዳበሪያ የለም፣ ናፍጣ የለም፣ መለዋወጫ የለም። በ1993 ምርቱ ከ4 ሚሊዮን ቶን ብዙም አልበለጠም። ሐቫና በቻይና ብስክሌት ተሞላች። የእኔ ባቡር ግን፣ ኃይል ሲኖር፣ ይሄድ ነበር፤ ነዳጅ አይጠጣማ። አውቶቡስ ያጣ ሁሉ እሱ ላይ ተንጠለጠለ። እኔ ኩባን የተሰናበትኩት በእነዚያ ወራት፣ በሩ ላይ ቆሜ፣ አንድ እግሬ በአየር ላይ ሆኖ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከሩቅ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ባርሴሎናን አገልግለው ጡረታ የወጡ ባቡሮች መጥተው የብሪሎቹን ቦታ ያዙ፤ እነሱም የ1940ዎቹ ናቸው። በ2002 የኩባ መንግሥት ከአገሪቱ 156 የስኳር ፋብሪካዎች 71ዱን ለመዝጋት ወሰነ። የዓለም ዋጋ ወድቋል፣ ማሽኖቹ አርጅተዋል፣ ገዥ የለም። ብዙ ሠራተኞች ደመወዛቸው እየተከፈላቸው ወደ ትምህርት ገበታ እንዲመለሱ ተደረገ። ከሚዘጉት አንዱ ካሚሎ ሲየንፉዌጎስ ነበር። ኸርሺ።

የካሳብላንካዋ ሴት ባቡር እንደሌለ ከነገረችኝ በኋላ በጋራ ታክሲ ሄድኩ። አሮጌ አሜሪካዊ መኪና ውስጥ ሰባት ሆነን፣ በባሕሩ ዳር አውራ ጎዳና። ከመንገዱ ወደ ውስጥ ስትታጠፍ መጀመሪያ የሚታዩህ ጭስ ማውጫዎቹ ናቸው። ቆመዋል። ከስራቸው የነበረው ፋብሪካ ግን አጥንቱ ቀርቷል፤ ቆርቆሮው ተገፎ፣ ወፍጮው ተነቅሎ፣ ብረቱ ለሌላ ተጭኖ ሄዷል። ወለሉ ላይ ውኃ አቁሯል፣ ዛፍ በቅሎበታል። ሸንኮራ ይገባበት በነበረው ሜዳ ላይ ሐዲዶች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ አሥር ይሆናሉ፣ አብዛኞቹ ሣር ውስጥ ገብተው ጫፋቸው ብቻ ይታያል። ጫማዬ አንዱን መታው። ጎንበስ ብዬ ሣሩን ገለጥ ሳደርግ የብረቱ አናት ላይ የዝገት ቅርፊት አለ፤ በጥፍሬ ስፍቀው ተላጠና ከስሩ ሽልጥ ያለ ብረት ወጣ። ሸንኮራ ሲሄድበት የኖረ ሐዲድ እንደ ማንኪያ ጀርባ ለስልሶ ነው የሚቀረው። አንዲት ፍየል በገመድ ታስራ ሐዲዱ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

ድሬዳዋ ውስጥ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ያገለገለ ሰው ቤት ገብቶ የተጫወተ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ስለ ባቡር ሲያወራ ጊዜው ሁልጊዜ አሁን ነው። «ይነሳል»፣ «ይደርሳል» ይላል፤ «ይነሳ ነበር» አይልም። ኸርሺም ያገኘኋቸው ሽማግሌ እንደዚያው ናቸው። ወደ 40 ዓመት ባቡር ነድተዋል። ጣቢያው ፊት ለፊት፣ አረንጓዴ ቀለሙ በተላጠ የእንጨት ቤት በረንዳ ላይ በሚወዛወዝ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ትኬቴን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስመጥተው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ከየትኛው አፍሪካ ነህ፣ ልጄ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«ማታንዛስ ትማሩ የነበራችሁት! የበሩ ላይ ሰዎች!» አሉ። በር ላይ ስለምንቆም ነው። ተግሣጽም ነበረበት።

ሚስታቸው ቡና አመጡ። የኩባ ቡና ነው፤ ስኒው ትንሽ፣ ስኳሩ ከቡናው ጋር የተማታ። ከቡናው በኋላ የሚከነክነኝን ጠየቅኋቸው፦ ፋብሪካው ሲዘጋ ባቡሩ ለምን አብሮት ታመመ? ሰው እንደሆነ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ጣቢያው ይሞላል፤ ሰው ወደ ሥራ፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት መሄዱን አልተወ።

ሽማግሌው ሳቁ። «የተሳፋሪውን ሳንቲም ሰብስበህ ሰብስበህ የዚህን ሽቦ ማያያዣ አትገዛበትም» አሉ። «ሽቦ ሲበጠስ በሌሊት መሰላል ይዞ የሚመጣው የማን ሰው ነበር? የፋብሪካው። ተሸካሚ እንጨቱ ሲበሰብስ የሚለውጠውስ? የፋብሪካው። መንኰራኩሩን የሚያርመው ጋራዥ? የፋብሪካው። እናንተን በደስታ እንጭናችሁ ነበር። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ሸንኮራ ይዤ ስሄድ ብዘገይ ስልክ ይደወላል፣ ስም ይጠራል፣ ሪፖርት ይጻፋል። እናንተን ይዤ ስዘገይ ማንም አይደውልም።»

ሸንኮራ እስኪያልፍ ዳር ወጥተን የቆምንባቸውን ቀናት አነሳሁባቸው። በዚያ በኩል የተናደድኩት እኔ ብቻ እንዳልነበርኩ፣ በየፌርማታው ሰው ይሰድባቸው እንደነበር ነገሩኝ። በመጨረሻው ሳፍራ፣ በ2002፣ የመጨረሻውን አገዳ የጎተተው ባቡር ሲገባ ግን እነዚያው ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው አጨበጨቡ። አንዳንዶቹ አለቀሱ። ከዚያ በኋላ የመንገደኛው ባቡር ለማንም ዳር ወጥቶ አልቆመም። ሐዲዱ ሙሉ ለሙሉ የራሱ ሆነ። «ያን ጊዜ ነው መሞት የጀመረው» አሉ ሽማግሌው፣ ሲኒያቸውን እያስቀመጡ።

ከእኔ ጉብኝት በኋላ፣ በመስከረም 2017፣ ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ የኩባን ሰሜናዊ ዳርቻ ይዞ አለፈ። ከዚያ ወዲህ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ቀድሞው አላገገመም። በ2022 የተጠናቀቀው ሳፍራ ለመላው አገሪቱ ግማሽ ሚሊዮን ቶን ስኳር እንኳ አልሞላም። እነዚህን ቁጥሮች ሳነብ ሽማግሌው ዛሬ ቡናቸውን በምን እንደሚጠጡ አስባለሁ።

ልሰናበታቸው ስነሳ ትኬቴን ሊመልሱልኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን አልለቀቁትም። በአውራ ጣታቸው «ካሳብላንካ» የሚለውን ቃል እየዳሰሱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ፌርማታዎቹን በቅደም ተከተል መቁጠር ጀመሩ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ ፉርጎ ውስጥ ላለ ሰው የሚያስታውቅ ነጂ ሆኑ። ጉዋናቦ። ከዚያ በፍጥነት የማላውቃቸውን ጥቃቅን ስሞች ደረደሩ። ኸርሺ። ኺባኮዋ። ካናሲ። ወደ ማታንዛስ ሲቃረቡ ጭንቅላታቸውን እንደ ባቡሩ ቀስ አድርገው ማወዛወዝ ጀምረው ነበር።

ከማድ ቤት የሚስታቸው ድምፅ መጣ። «የማንጎዋን ዘለልካት!»

ስም የሌላት ፌርማታ ናት፤ ማንጎ ዛፍ ስር ሰው እጁን የሚያወዛውዝባት። ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን አነሡ፣ ትኬቴን ከጉልበታቸው ላይ አስተካከሉና ከካሳብላንካ እንደገና ጀመሩ።